የታጠበው ሉህ

ሸሁ የኸድራን ባል አባት ዕድሜ በእንጨት ሉህ ላይ ጽፈው አነበቡት፦ «ቱርኮች ወርቅ ፍለጋ ቤኒሻንጉል በገቡበት ዓመት ተወለዱ። ከብት ባለቀበት ዓመት ሚስታቸውን ቀበሩ። የሱዳኗ ኦምዱርማን በወደቀችበት ዓመት ሞቱ።»

ስማቸው ለጣውንቷ አራስ ልጅ ወጥቷል። ሉሁ ሲታጠብ የጽሑፉን ቀለም ከነውሃው የምትጠጣውም ጣውንቷ ነበረች፤ የአያቱ በረከት በጡቷ እንዲያልፍለት። ኸድራን ቅናት አንገበገባት። ያቺ ሽማግሌውን በዓይኗም አላየቻቸው! ኦምዱርማን በወደቀችበት ዓመት አልጋ ላይ ሲያገላብጣቸው የከረመው የኸድራ እጅ ነው፤ ሉሁ ላይ ግን ኸድራ የለችም።

ጥቁሩ ውሃ በቅል ሲቀርብ ቀድማ ተቀበለችና አንድ ጠብታ ሳታስቀር ጨለጠችው።

«አብደሻል እንዴ?» ብሎ ባሏ ጮኸባት።

«አባትህን የመጨረሻዋን ጉንጭ ውሃ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ» አለች፣ ከንፈሯ በቀለም ጠቁሮ። «ዛሬ መለሱልኝ።»