የአዮዲን ጠብታ

የባዮሎጂ መምህርቷ ዘነበወርቅ ያን ቀን የምታስተምረው በርእሰ መምህሩ ፊት ነበር። እሳቸው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሥራ አፈጻጸሟን ሊመዝኑ መጥተዋል። ሳይንስ ከተማሩ ሠላሳ ዓመት ቢያልፋቸውም ያልመዘኑት መምህር የለም።

ድንች ቆርጣ አዮዲን ጠብ አደረገችበት፤ ጠቆረ።

«ተክል በሕዋሱ ውስጥ ስታርች ያከማቻል። አዮዲን ስታርች ሲነካ እንዲህ ይጠቁራል» አለች ለተማሪዎቿ።

«ይኼ ሁሉ ጨዋታ ለምን አስፈለገ? ትርጉሙን ቢሸመድዱት አይበቃም?» አሉ ርእሰ መምህሩ ብዕራቸውን እያነሡ።

ደነገጠች። «ስታርች የሌለበት ነገር ባገኝ ኖሮ ልዩነቱን ያዩ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ርእሰ መምህሩ ቸር ሰው ናቸው። ለመምህራኑ የላማቸውን ቅቤ የሚሸጡት እንኳ ለጤናቸው አስበው እንጂ ለትርፍ አይደለም። ወዲያው ከቢሯቸው አንድ ኪሎ አስመጡ።

«ይኸው፣ ንጹሕ ለጋ ቅቤ! እስቲ ከዚህ ውስጥ ስታርች ፈልጊ!»

ጠብ አደረገችበት። ቅቤው ከድንቹ ብሶ ጠቆረ።

ከፊት ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የጋሼ ላም ተክል ናት ማለት ነው?»