ብርነሽ ከዛፉ ስር አልወጣም አለች

ብርነሽ መኪናዋን በር ላይ እንደ ነገሩ አቁማ ወደ ጓሮ ስትሮጥ፣ መጋዙ ዛፉ ላይ ሆኖ ይጮሃል። ማውንቴን ቪው በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ አድራ መምጣቷ ነው፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ወርዶ ጭቃው ላይ ተዘርሯል። በገመድ ታስሮ ላይ የወጣው ቆራጭ ሁለተኛውን ሊጀምር ነበር። ማንንም ሳታናግር ዘው ብላ ገባችና ጀርባዋን ግንዱ ላይ አስደግፋ ቆመች።

ሰው ከስር እያለ ቅርንጫፍ አይጣልም። መጋዙ ጸጥ አለ።

የቆራጮቹ አለቃ አሳምነው ከቸርች ያውቃታል። ሄልሜቱን አውልቆ ቀረበና በትሕትና አስረዳት። ሌሊት የነበረው ዝናብ የቀላቀለ ንፋስ አንዱን ትልቅ ቅርንጫፍ ሰንጥቆ ልክ ከልጇ መኝታ ቤት በላይ አንጠልጥሎታል። ባለቤቷ ገረመው ገና ሳይነጋ ኮል አድርጎለት ነው የመጣው። ኢመርጀንሲ ስለሆነ ሲቲው፣ የከተማው አስተዳደር፣ ያለ ፈቃድ መቁረጡን አይከለክልም።

ብርነሽ ቀና አለች። ቅርንጫፉ በተላጠ ቅርፊት ብቻ ተይዞ ጣሪያው ላይ ተጋድሟል። ከቦታዋ ግን አልተነቃነቀችም።

"እሱን አውርዱት" አለች። "ሌላውን አትነኩም።"

"ገረመው ከሥሩ ጣሉት ነው ያለኝ፣ እህት ብርነሽ።"

"እኔ አላልኩም።"

ኤልም የሚሉት ዛፍ ነው፤ ቤቱን ሲገዙም ይሄንኑ ያህል ትልቅ ነበር። ዝናብ በጠፋባቸው በእነዚያ ዓመታት፣ የሳን ሆዜ ሳር ሁሉ ነዶ የሰፈሩ ዛፎች ከጫፋቸው ሲደርቁ፣ እሷ የሻወሩን ውሃ በባልዲ እያጠራቀመች፣ ከግንዱ ራቅ አድርጋ ዙሪያውን ስታጠጣው ከረመች። ጎረቤት ሲስቅባት ሰምታለች። ማቀዝቀዣ ኤሲ የሌለው ቤታቸው በዚያ አገር የነሐሴ ሙቀት ሰው የሚያስቀምጠው በዚህ ዛፍ ጥላ ነው። ይሄን ደግሞ ገረመው ያውቃል፤ ስለዚህ ነው ጭካኔው ያልገባት።

ገረመው በኩሽና በር ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። መጀመሪያ ወደ ቤት ግቢ አላት፤ እንቢ ስትለው በሰዎቹ ፊት፣ የልጅሽ ነፍስ ከእንጨት አይበልጥብሽም ወይ ሲል ጠየቃት።

ብርነሽ ዞር ብላ አሳምነውን፣ ግንዱ በስብሷል ወይ፣ ሥሩስ ተነቃንቋል ወይ አለችው። አሳምነው በባልና ሚስት መሀል መግባት እንዳልፈለገ ያስታውቃል፤ ሆኖም አልዋሸም። ግንዱ ጤነኛ ነው፣ ሥሩም እንደያዘ ነው አለ። የከበደው ቅርንጫፍ ከሳሳ፣ የደረቀው ከወጣ፣ በየጊዜውም ሰው ካየው፣ ከነሱ ዕድሜ በላይ ይቆማል።

"ሰማህ?" አለች ብርነሽ።

"ላየው አልፈልግም!" አለ ገረመው።

ይሄ የቁጣ ድምፅ አልነበረም። ሠራተኞቹ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። በዚህ መሀል ጽናት፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጃቸው፣ ብርድ ልብስ እንደተከናነበች ብቅ አለችና በረንዳው ላይ ቆመች። ገረመው ሲያያት ትከሻው ወረደ። ወደ ሚስቱ ተጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ቅርንጫፉ ሲሰነጠቅ ቤቱ የፈረሰ ነበር የመሰለው። ከአልጋው ዘሎ መንገድ ላይ ወጣ። ልጅ እንዳለችው ያስታወሰው ዝናቡ ፊቱን ሲመታው ነው። ዞሮ ሲሮጥ ጽናት በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

"ጥያት ወጣሁ፣ ብርነሽ" አለ። "በየቀኑ ይሄን እያየሁ ልኑር?"

ብርነሽ መጦሪያው ውስጥ የሌላ ሰው እናት አልጋ ላይ ስታገላብጥ፣ ልጇ ብቻዋን እዚያ በር ላይ ቆማ ነበር።

"በት ዩ ኬም ባክ፣ ዳዲ" አለች ጽናት ከበረንዳው፤ ግን ተመለስክ እኮ ማለቷ ነው።

ገረመው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

"ብትጥለው ጉቶውን እያየህ ትኖራለህ" አለች ብርነሽ። "ይሄ ዛፍ ምንም አላደረገህም። እኔ ከዚህ አልወጣም። አንተም ከዚህ ቤት አትሸሽም።"

ከጣሪያው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። ገረመው ፊቱን በእጁ ጠረገና ወደ አሳምነው ዞሮ፣ የተሰነጠቀው ብቻ እንዴት እንደሚወርድ ጠየቀው።

አሳምነው እንዳለው፣ ቅርንጫፉ ከላይ ይታሰርና ቀስ ተብሎ ይለቀቃል፤ ጣሪያውን እንዳይመታ ግን ከአጥሩ በኩል በሌላ ገመድ የሚስበው ሰው ያስፈልጋል። ክሪኩ፣ የሰፈሩ ጅረት፣ ሞልቶ መንገድ ስለዘጋ አንዱ ሠራተኛ አልመጣም።

"ገመዱን ስጠኝ" አለ ገረመው፤ ሄልሜትና ጓንት አድርጎ ወደ አጥሩ ሄደ።

ብርነሽ ገመዱ የተሰነጠቀው ላይ፣ እሱ ላይ ብቻ፣ መታሰሩን በዓይኗ እስክታይ ከግንዱ አልተላቀቀችም። ከዚያ በኋላ ወጥታ ግድግዳው ጥግ ቆመች።

መጋዙ ጮኸ። ቅርንጫፉ ጣሪያውን ለቆ አየር ላይ ዞረ፣ ወደ መስኮቱ ተወዛወዘ። ገረመው ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ቀብሮ፣ ጥርሱን ነክሶ ወደ ኋላ ተንጋለለ። ጽናት ብርድ ልብሷን ጥላ ሮጠች፤ ከአባቷ ኋላ ቆማ የገመዱን ጫፍ ያዘች። ቅርንጫፉ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ቀስ እያለ ጭቃው ላይ አረፈ።