የስህን ጤና አዳም

አሚናት የጎረቤቷን የስህንን የአጥር በር ገፍታ ትገባለች። ነጠላዋን እንደነገሩ ነው ጣል ያደረገችው። ለወራት ተኝታ የከረመች ናትና እግሯ ገና አልጠናም። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው አንድ የማሽላ ማሳ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን መሀሉ ላይ ቁጭ ብላ አርፋ ነው ያቋረጠችው። ባሏ እንድሪስ ልከተልሽ ቢላት አይሆንም ብላዋለች።

ስህን ትናንት አልመጣችም። ዛሬም ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ወጥታ እሷ ግን አልመጣችም።

የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎች የአሚናትን ልጅ ሀምዱንና የስህንን ልጅ ሙላትን ከገበያ ይዘው ባንድ መኪና ለውትድርና ከጫኗቸው ወዲህ ክረምቱ ገብቶ ወጥቷል። ወሬያቸው የለም። አሚናት ያን ዕለት መደቡ ላይ ወድቃ ቀረች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደረቷን አዳምጦ፣ ሕመሙ ከሐሳብ ነው ብሎ የሚዋጥ ነገር ሰጣት። እንድሪስም ዱዓ አስደረገላት። እሷ ግን ፊቷን ከግድግዳው አላዞረችም።

ስህን ብቻ ማለዳ ማለዳ ትመጣ ነበር። ከጓሮዋ የቆረጠችውን ጤና አዳም አፍልታ በጣሳ ትይዝና ትካዜን ይነቅላል፣ ጠጪው ትላታለች። ከዚያ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣሳው እስኪያልቅ ስለ ላሟ፣ ስለ ማሽላው፣ ከሐይቁ ስለወጣው ዓሣ ታወራለች። የልጆቹን ስም ግን አንስታ አታውቅም።

አሚናት ወደ ጓሮ ትዞራለች። ጤና አዳሙን ስታየው ቆም ትላለች። ያ ወገብ ይደርስ የነበረው ቁጥቋጦ ተቆርጦ ተቆርጦ ጉቶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከሥሩ ካቆጠቆጠው እየሳሳች ትቀነጥስና በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤት ትገባለች።

ስህን መደቡ ላይ ናት፤ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። የሙላትን ጋቢ በደረቷ ታቅፋለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ከሙላት በቀር በዚህ ቤት ሌላ ሰው የላትም።

«ስህን።»

አሚናት አትደግምም። ስም ሲጠሩት ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቀዋለች። ምድጃው ሥር ተቀምጣ አመዱን ትጭራለች። ከሥር ያልጠፋ ፍም ታገኛለች፤ ጭራሮ ትጨምርበታለች፤ እፍ ትላለች። ትንፋሿ ያጥራታል። እንደገና እፍ ትላለች። እሳቱ ሲይዝ ውኃ ትጥዳለች፣ ቅጠሉን ታጥባ ትጨምራለች።

ሽታው ቤቱን ሲሞላው ስህን ሳትዞር ትናገራለች።

«ተዪው አሚናት። አይረባም።»

«ትካዜ ይነቅላል ብለሽኝ የለ?»

«እናቴ ለሆድ ቁርጠት ነበር የምትሰጠን። ለትካዜ ይሁን ለምን፣ እኔ ምን አውቃለሁ።»

አሚናት ጭራሮውን ወደ እሳቱ ትገፋለች። ያ ሁሉ መራራ ጣሳ ጉሮሮዋ ላይ ይመጣባታል።

«ታዲያ ለምን ታመጭልኝ ነበር?»

«ባዶ እጄን መምጣት አፍሬ ነዋ» ትላለች ስህን። «ምን ብዬ ልግባ? ልጅሽ እንደ ልጄ ሄደ፣ ምን ብዬ ልቀመጥ?»

አሚናት ጣሳውን ሞልታ ትነሳለች። መደቡ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ስህን በየማለዳው ትቀመጥ በነበረበት አኳኋን።

«አብሽሪ እታለም። ቀና በይ።»

ስህን ቀስ ብላ ትዞራለች። ዓይኗ አብጧል። ጋቢውን አትለቅም።

«ፀሐይ ላስመታው ብዬ አወጣሁት» ትላለች። «እስከዛሬ እሱን እሱን ይሸት ነበር። ማታ ማታ እያሸተትኩት ነው የምተኛው። ትናንት ሳሸተው የለም። ሙላቴ ከጋቢው ውስጥም ሄደ።»

ስሙ በሁለቱ መካከል ሲጠራ ይኸ የመጀመሪያው ነው። አሚናት ጋቢውን ሳብ አድርጋ ፊቷን ትቀብርበታለች፤ ጭስና የላም ሽታ ነው ያለው። የለም ለማለት አትደፍርም፣ አለ ብላ ለመዋሸትም አትችልም። ጋቢውን ስህን ጉልበት ላይ ትመልሰዋለች።

«ሀምዱም ሲተኛ ጥርሱን ያፋጭ ነበር» ትላለች። «አሁን ቤቱ ጭጭ ሲል እሱን ነው የማዳምጠው።»

ያን ጊዜ ስህን ታለቅሳለች። አሚናትም ታለቅሳለች፤ ከመኪናው ቀን ወዲህ አልቅሳ አታውቅም፣ ዕንባዋ የት እንደከረመ ራሷም አታውቀውም። ሲወጣላቸው ስህን ጣሳውን ተቀብላ ትጎነጫለች። ፊቷ ጭምድድ ይላል።

«ወይኔ፣ ይኸን ነው ያጠጣሁሽ?»

«ወላሂ፣ ይኸንኑ ነው።»

ስህን ልትስቅ ትልና ሳሉ ይቀድማታል። እየሳለች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች ትጨርሰዋለች። አሚናት ከኋላዋ ተጠግታ የተንጨባረረ ጸጉሯን በጣቷ መፍታት ትጀምራለች። ስህን አንገቷን ትሰጣታለች።

ከአጥሩ ውጭ የበሬ ኮቴ ይሰማል። ጎረቤታቸው አሻግሬ ወደ ማሳው ሲያልፍ ነው፤ እንደ ልማዱ ቆም ብሎ እንዴት አደራችሁ ይላል።

ስህን አፏን ትከፍትና ድምፅ ታጣለች።

«አለን» ትላለች አሚናት፣ ድምፅዋ አጥሩን እንዲሻገር አንገቷን ቀና አድርጋ። «እኔም ስህንም፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለን።»