የጋሽ ቢተው እሺታ

ጭንቀት ድራሹ ይጥፋ ተብሎ፣ ትንፋሹ የተዛባ ሰው ሁሉ አሥር ጊዜ በቀስታ እስኪተነፍስ የአንገቱ ሐብል ድምፁን የሚዘጋበት ዘመን ነበር።

ጋሽ ቢተው ለወጉ ያህል ሽማግሌዎቹን ሁለቴ መልሰዋል፤ ዛሬ ግን ልጃቸውን ማስተዋልን ሊድሩ ቆርጠዋል።

«እንግዲህ ሰጡን?» አሉ አንጋፋው ሽማግሌ።

ጋሽ ቢተው እንደ አገራችን ሰው ትንፋሻቸውን እጥር አድርገው ወደ ውስጥ ሳቡ፤ «አዎን» ማለታቸው ነው።

«ተጨንቀዋል! ቀስ ብለው ይተንፍሱ» አለ ሐብሉ፣ ድምፃቸውን ዘግቶ።

«ወይ ጉድ፣ ለካ ድንጋጤ ኖሯል! እኔ ደግሞ እሺታ መስሎኝ!» አሉ አንጋፋው ከዘራቸውን እያነሱ። «ልጃችን ይህን ያህል ካስጨነቀዎት፣ እንሂድ እንጂ!»

ጋሽ ቢተው እጃቸውን እያወናጨፉ እስከ በር ተከተሏቸው፤ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ሐብሉ ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ጀመረ።

ማስተዋል ከጓዳ ወጥታ «አባዬ፣ ምነው እምቢ አልካቸው?» እያለች ስታለቅስ፣ ጋሽ ቢተው ገና ስድስተኛው ትንፋሽ ላይ ነበሩ።