አልነሳ ያለችው ፒካፕ

ነጯ ፒካፕ እየተንዘፈዘፈች ጋራዡ ግቢ ገብታ ቆመች። ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተዋል። ግቢው ውስጥ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል መለዋወጫ የምትሸጠው ሴትዮና ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም።

ደንበኞች ዋርሳዋን «ጆሮ» ይሉታል። ሞተር ሲያስነጥስ ሰምቶ በሽታውን ይናገራል፤ ኮፈን የሚከፍተው ለይሉኝታ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። ያን ቀን ግን ድምፁን ሰምቶ ለጥቂት ጊዜ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

ከመኪናዋ የወረደው ሰው ንጹሕ ጃኬት ለብሷል። ጥፍሮቹ ሥር ግን ታጥቦ የማይለቅ ጥቁረት አለ። የመኪናዋን ቁልፍ አላስረከበም፤ በጣቱ ላይ እያሽከረከረ ግቢውን ዙሪያውን ቃኘ።

«ጠዋት ጠዋት እምቢ ትላለች» አለ። «ተለምና ከተነሳችም በኋላ እንዲህ ትንዘፈዘፋለች። ዳገት ላይማ ልትጠፋ ምንም አይቀራት። ሌሎች ጋራዦች አይተዋት አቅቷቸዋል።»

«ከማን ነው የገዟት?» አለ ጆሮ።

«ብዙ እጅ ያለፈች ናት።»

ጆሮ ኮፈኑን ከፈተ። ባትሪውን ለካ፤ ደህና ነው። ካንዴላዎቹን ፈታትቶ አያቸው፤ እነሱም የሚያስወቅስ ነገር የለባቸውም። ሰውዬው ከጎኑ አልራቀም። ወንበር ቢቀርብለትም አልተቀመጠም።

«እዚህ ሌላ ሰው የለም?» ሲል ጠየቀ።

«ለምሳ ወጥተዋል።»

«ጥሩ» አለ ሰውዬው።

ሴትዮዋ አዲስ ፊልትሮ ይዛ መጣች። ለዋርሳዋ ስታቀብለው ዓይኗ በተከፈተው የሾፌር በር ላይ አረፈ። በተሰበረው እጀታ ቦታ ቡናማ የቆዳ ማንገቻ ታስሯል። የገዛ ቦርሳዋ ማንገቻ ነው። ቆርጣ ለባሏ የሰጠችው ራሷ ናት።

ባሏ ካቻምና ዕቃ ጭኖ ከዚሁ ግቢ እንደወጣ አልተመለሰም። ያኔ ፒካፗ አረንጓዴ ነበረች። በማለዳ በሩን ከፍቶ የሸኘው ጆሮ ነው። ከዚያ ራሱም መለዋወጫ ሊገዛ በሌላ አቅጣጫ ሄዶ ስለነበር፣ የወንድሙን መጥፋት የሰማው በማግስቱ ሲመለስ ነው። ፖሊስ መንገዱን አሰሰ። ሰውም መኪናም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ጋራዡን የያዘው ጆሮ ነው፤ ለእሷም ለልጆቿም ያጎደለባቸው ነገር የለም። «እትዬ፣ እስከ መቼ በር በሩን ታያለሽ?» ይላታል አንዳንዴ።

እጁን ይዛ ወደ ክፍሏ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ጎተተችው።

«መኪናዋ የሱ ናት» አለች። «ባሌን የበላው ይሄ ሰውዬ ነው።»

«ቀለሟ እኮ ሌላ ነው፣ እትዬ። ተሳስተሽ እንዳይሆን።»

«ማንገቻዬን አጣዋለሁ? ፖሊስ ልጥራ።»

«ቆይ። ካወቀብን ያመልጣል። ወይም…» ጆሮ ነገሩን አልጨረሰውም። ፊቱን ላብ አጥቦታል። «ቶሎ ሠርቼ ልሸኘው። ታርጋውን እንይዝና በኋላ እናመለክታለን።»

እሷ ግን አልሰማችውም። ሄዳ የግቢውን በር ከውስጥ ቆለፈችና የበሩን ቁልፍ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ ትልቁን መፍቻ አነሳች።

እንግዳው የመቀርቀሪያውን ድምፅ ሰምቶ ዞረ። አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ጆሮ ተመልሶ ፊልትሮውን ቀየረ። እንግዳው ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ብዙ አጓራ፤ ሞተሩ እንደምንም ተነሳና እንደገና ይንዘፈዘፍ ጀመር። ጆሮ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ነዳጅ እየተቆራረጠባት ነው» አለ። «ፓምፑ ኤሌክትሪክ በደንብ አይደርሰውም።»

«የቱ ጋ ነው የሚቋረጠው?» አለ እንግዳው ከመኪናዋ እየወረደ። «ሌሎቹ ሽቦ ሲከተሉ ውለው አላገኙትም።»

ጆሮ አንዴ ሴትዮዋን፣ አንዴ የተቆለፈውን በር አየ። ከዚያ በሾፌሩ በር በኩል ጎንበስ አለና፣ ሳያይ፣ እጁን ከወንበሩ ሥር ሰደደ። ምንጣፉን ገልጦ ጣት የምታህል ማብሪያ ከነሽቦዋ መዞ አወጣ። ዝጋለች። ሽቦዎቹን ከእሷ ነቅሎ እርስ በርስ ሲያገናኛቸው የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ረጋ።

«እዚያ እንዳለች እንዴት አወቁ?» አለ እንግዳው።

ጆሮ ቀና አለ። ድምፁን ከፍ ያደረገው ሴትዮዋም እንድትሰማ ነው።

«ወንድሜ ለሌባ ብሎ ያስገጠማት ናት። እሷ ካልተጫነች ሞተሩ አይነሳም። ከሱና ከኔ በቀር የሚያውቃት የለም። አሁን ደግሞ አንተ ንገረኝ፤ ወንድሜን የት ጣልከው?»

ሴትዮዋ መፍቻውን ጨብጣ ተጠጋች።

«ተናገር» አለችው። «አስከሬኑን እንኳ ልቅበር።»

እንግዳው እጁን ከኪሱ አወጣ። ባዶ ነው። ሞተሩን አጠፋና ወደሷ ዞረ።

«እህቴ፣ ይህችን ማብሪያ ለባልሽ የገጠምኩለት እኔ ነኝ» አላት፤ «ከዚህ ከወጣ በኋላ፣ በዚያው በጠፋበት ቀን ከሰዓት፣ መንገድ ላይ።»