የአንባቢው ድምፅ

«ሐ» አለች።

«ልክ ነሽ» አለ አጎቷ፣ ጉልበቱን በመዳፉ ቸብ አድርጎ። «አንቺን ምን ፈተና ይችልሻል?»

የአጎቷ ፀጉር ቤት ለምሳ ተዘግቷል። እሷ የደንበኛ ወንበር ላይ ናት፤ እሱ ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የመለማመጃ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቷል። ዓይኗ ስለማያይ ጥያቄውን የሚያነብላት እሱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ቀን፣ የሚያነብላት ግን የማታውቀው ሰው ነው።

ከሃያው ጥያቄ የሳተችው አንድ ብቻ ነው። ሆኖም ፊቷ አልፈታ አለ። ትናንት የክፍል ጓደኛዋ ስታነብላት ግማሹን ስታለች።

«ጋሼ፣ የጂኦግራፊውን የመጨረሻ ምዕራፍ አውጣ።»

«እሱን መቼ አጠናሽው?»

«አላጠናሁትም። ዝም ብለህ አንብብ።»

ጥያቄው ስለ ድንጋይ ዓይነቶች ነበር፤ ምኑም አልገባትም። ጆሮዋን ብቻ ሰጠችው። «ሀ»ን እንደ ነገሩ አለፈው። «ለ»ን ዋጥ አደረገው። «ሐ» ላይም አልቆመም። «መ» ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ቀና አለ፤ ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ሕፃን እጁን ይዞ እንደሚያሻግር ሰው አወጣቸው።

«መ።»

«ልክ…» ብሎ አጎቷ ግማሽ ላይ ቀረ።

«ቀጥል።»

ሌሎች ሦስት አነበበላት። ሦስቱንም ሳታውቃቸው መለሰች። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ያጠናችው የአጎቷን ድምፅ ኖሯል።

«እኔ እኮ አልነገርኩሽም» አለ፣ ቅር ብሎት።

«አስቀድመህ መልሱን ታየዋለህ አይደል?»

«ከገጹ ግርጌ ተጽፎ ዓይኔን የት ልጣለው? ስትስቺ ደግሞ ሆዴ አይችልም።»

«የዚያን ቀን የሚያነብልኝ ሰውዬ ሆዱ ይችላል።»

ሳያስበው ሳቀ። ከዚያ ተነሣ። መቀሱ ወረቀት ላይ ሲሄድ ሰማች፤ ገጽ ይገልጣል፣ ግርጌውን ይቆርጣል፣ ደግሞ ይገልጣል። ሲጨርስ ቁርጥራጩን ጠቅልሎ እጇ ላይ አኖረላት።

«ያዢው። ማታ እናትሽ ታርምልሻለች።»

«ካላየኸው ገጽ ጀምር።»

ጀመረ። አራቱም አማራጮች እኩል ፍጥነት፣ እኩል ቁመት ይዘው አለፉ። ድምፁን መጠበቋ ከንቱ ሆነ፤ የሚነሣም የሚወድቅም ድምፅ የለም። ቤቱ ውስጥ መልሱን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ወንበሩ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ጥያቄውን ድገምልኝ» አለች።