የስቅለት ጥብስ

ከአጋሮ የመጣው ካድሬ፣ እስር ቤት በተደረገው የቡና መጋዘን ውስጥ ለመሪጌታው ትኩስ ጥብስ በሳህን አቀረበላቸው። ዕለቱ ስቅለት ነበር። መሪጌታው ነፍስ ካወቁ ጀምሮ በዚህ ቀን ከስግደት በፊት ውኃ እንኳ ቀምሰው አያውቁም።

«ይብሉና ልጅዎን ይዘው ይሂዱ» አላቸው። «ለምን እንደበሉ ከነገሯት ግን ሁለታችሁም እዚሁ ትቀራላችሁ።»

ልጃቸው መዝሙር አስተማርሽ ተብላ ከታሰረች ወር አልፏት ነበር። አማተቡና አንድ ቁራጭ ጎረሱ። ከሁሉ የከፋው መጣፈጡ ነበር።

አብዮት ጠባቂው ልጅቱን አመጣት። ከሐሙስ ጀምሮ እህል ውኃ ሳትቀምስ አክፍላ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ዓይኗ ጣታቸው ላይ ያለው ቅባት ላይ ቀረ።

«ነይ እንሂድ፣ ልጄ» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት።

«አባባ፣ ዛሬ?»

ካድሬውን በዓይናቸው ገረፍ አድርገው ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ልጅቱ ወደ አብዮት ጠባቂው ዞረች። «ከእሳቸው ጋር አልሄድም። ወደነበርኩበት መልሰኝ።»

ይዟት ገባ። በሩ ከኋላዋ ሲቆለፍ ካድሬው ሳህኑን ወደ መሪጌታው ገፋ አደረገው።

«በደንብ ነው ያስተማሯት፣ አባ» አላቸው። «በሉ ይጨርሱት፤ ጥብስ ሲቀዘቅዝ አይሆንም።»